ኤምኢንጅ፦ አራቱ ዓመታት እኩል አይመዝኑም

«ቢኢንጅ» እና «ኤምኢንጅ» የሚሉት ሁለት የኢንጂነሪንግ ዲግሪ ስሞች ዩካስ (የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻው ድረ ገጽ) ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንግሊዝ አገር ባለ የብዙ ሐበሻ ቤት ሲያከራክሩ ይከርማሉ። ልጅ «ማስተርስ እኮ ነው» ይላል፤ አባት «ገና ዲግሪ ሳትይዝ የምን ማስተርስ?» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም ልክ ናቸው። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ በቢኢንጅ የ3 ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። በኤምኢንጅ 4 ዓመት ነው፤ ማስተርሱ መጨረሻው ዓመት ላይ እዚያው ተሰፍቶ ይመጣል። መሃል ላይ ምረቃ የለም፣ አዲስ ማመልከቻም የለም፤ አንዴ ተገብቶ አንዴ ይወጣል። ስኮትላንድ ውስጥ ነገሩ በአንድ ዓመት ይረዝማል፣ ኤምኢንጁ 5 ዓመት ነው። ካምብሪጅ በ4ኛው ዓመት መጨረሻ ቢኤና ኤምኢንጅ ሁለቱንም ይሰጣል። እዚያም ሆነ ኦክስፎርድ ከመነሻው «ሜካኒካል» ብሎ የሚገባ የለም፤ ሁሉም ጠቅላላ ኢንጂነሪንግ ጀምሮ በኋላ ነው የሚያዘነብለው።

በክሬዲት ሲታይ ቢኢንጅ 360፣ ኤምኢንጅ 480 ነው፤ በዓመት 120 ማለት ነው። አንድ ክሬዲት 10 የጥናት ሰዓት ተብሎ ስለሚታሰብ አንዱ ዓመት 1,200 ሰዓት ይሆናል። ይህን ለ30 ሳምንት አካፍሉት፦ በሳምንት 40 ሰዓት። ፕሮግራሙ ላይ የሚታየው ሌክቸርና ላብ የዚህ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረው የግል ጥናት ነው፣ ስም ጠርቶ የሚቆጣጠረው የለም። አርብ ማታ፣ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ፈረቃ ልሥራ ብሎ የሚያቅድ ተማሪ ይህችን ማካፈል ገና መስከረም ላይ ቢሠራት ይሻለዋል።

ማመልከቻው ላይ የትኛው ይሞላ? ውጤቱ የሚደርስ ከሆነ ኤምኢንጁ። ከኤምኢንጅ ወደ ቢኢንጅ መውረድ ቅጽ መሙላት ነው። ከቢኢንጅ ወደ ኤምኢንጅ መውጣት ግን በማርክ ነው፣ ያውም ብዙ ቦታ እስከ 2ኛው ዓመት መጨረሻ ድረስ ብቻ። ለኤምኢንጅ የሚጠየቀው የኤ-ሌቨል (የ2ኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ቢሆንም የኤምኢንጅ ውጤት ለጥቂት ያመለጠውን ተማሪ እዚያው ቢኢንጅ ላይ የሚቀበሉ ዲፓርትመንቶች አሉ። ስለዚህ ከ5ቱ ምርጫዎች አንዷን ዝቅ ያለ ውጤት የሚጠይቅ ቢኢንጅ ማድረግ፣ ሌሎቹን ኤምኢንጅ መሙላት የተለመደና ጤነኛ አሞላል ነው።

ሂሳብና ፊዚክስ የግድ ናቸው። ፈርዘር ማትስ የሚባለው ተጨማሪ የኤ-ሌቨል ሂሳብ ብዙ ቦታ ግዴታ አይደለም፤ ግን የወሰደ ተማሪ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በእፎይታ ያልፈዋል። ማትሪክስ፣ ኮምፕሌክስ ነምበርና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ለእሱ ክለሳ ናቸው። ካምብሪጅና ኢምፔሪያል ከዚህ ሌላ ኢሳት የሚባል የመግቢያ ፈተና አላቸው። እያንዳንዱ ክፍል 27 ምርጫ ጥያቄ በ40 ደቂቃ፣ ያለ ካልኩሌተር ነው። አንዱን ጥያቄ በደቂቃ ተኩል ማለት ስለሆነ ችሎታ ብቻ ሳይሆን ፍጥነትም ይለካል፤ ካልኩሌተር የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይያዛል። ፊዚክስ ያልወሰደ ልጅ ደግሞ በፋውንዴሽን ዓመት በኩል ይገባል፤ አንድ ዓመት ይጨምራል እንጂ በሩ አልተዘጋም።

ገንዘቡ

ለቤተሰብ ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው፣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያየውም። በእንግሊዝ የተማሪ ብድር ሕግ ዓይን የኤምኢንጅ 4ኛ ዓመት ማስተርስ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዲግሪ ቀጣይ ዓመት ነው። ስለዚህ የትምህርት ክፍያ ብድሩም (በ2025/26 እስከ 9,535 ፓውንድ) የኑሮ ብድሩም እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ቢኢንጅ ጨርሶ ለብቻው ኤምኤስሲ የሚማር ሰው የሚያገኘው ግን ሌላ ዓይነት ብድር ነው። ለ2025/26 ጀማሪ ጣሪያው 12,858 ፓውንድ ሲሆን ይህ ክፍያውንም፣ የቤት ኪራዩንም፣ ምግቡንም መሸፈን አለበት። ለንደን ውስጥ ገንዘቡ ክፍያውን እንኳ ላይዘልቅ ይችላል።

የብድሩ አመላለስም ይለያያል። ከነሐሴ 2023 ወዲህ የጀመረ የእንግሊዝ ተማሪ በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ካገኘው ላይ 9 በመቶ ይከፍላል። የኤምኤስሲው ብድር ደግሞ ከ21,000 በላይ ካለው ላይ 6 በመቶ ይቆርጣል፣ ያውም በተደራቢ። 35,000 ፓውንድ ደመወዝ ያለው ጀማሪ መሐንዲስ ኤምኢንጅ ከሆነ በዓመት 900 ይከፍላል፤ ቢኢንጅና ኤምኤስሲ በሁለቱ ብድር ከያዘ 900 እና 840፣ በድምሩ 1,740። ዲግሪው አንድ ደረጃ ላይ ነው፣ ቆረጣው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ የክፍያ ብድር የሚሰጠው ለትምህርቱ ርዝመት እና ለ1 ተጨማሪ ዓመት ነው፤ ከዚህ ላይ ቀደም ሲል ዩኒቨርሲቲ ያሳለፋችሁት ዓመት ይቀነሳል። ባዮሜዲካል 2 ዓመት ተምሮ የተወ ልጅ ወደ 4 ዓመት ኤምኢንጅ ቢዞር 4 ሲደመር 1 ሲቀነስ 2፣ የቀረው የ3 ዓመት ነው። አንዱን ዓመት ከኪሱ ሊከፍል ይችላልና ከመዞሩ በፊት ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ኤምኢንጅ የያዘ ሰው ማስተርስ እንዳለው ስለሚቆጠር በኋላ ለሌላ ኤምኤስሲ ያንን የማስተርስ ብድር አያገኝም።

የስደተኝነት ፈቃድ ያገኘ ተማሪ በእንግሊዝ እንደ አገሬው ተማሪ ከፍሎ ብድር መጠየቅ ይችላል። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ጥገኝነት ጠያቂ ግን ብድሩ አይመለከተውም። ለእሱ ያለው መንገድ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች «ሳንክቹዋሪ» በሚል ስም የሚሰጡት ስኮላርሺፕ ነው፤ ቦታው ጥቂት፣ ማመልከቻው ደግሞ ከዩካስ የተለየ ነው።

ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ ለሚመጣ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከኤጀንት አፍ ሁልጊዜ አይሰማም። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ይዞ ሜካኒካል ኤምኢንጅ የሚማር ተማሪ አታስ የሚባል የደኅንነት ማጣሪያ የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ለቢኢንጅ አያስፈልግም፤ የሚጠየቀው ማስተርስ ደረጃ ስላለው ነው። ነጻ ነው፣ በኢንተርኔት ይሞላል፣ የዩኒቨርሲቲው ቅበላ በእጅ ከገባ በኋላ ይጠየቃል፤ ቢያንስ 30 የሥራ ቀን መታሰብ አለበት፣ በእንግሊዝ በጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ደግሞ ይረዝማል። ያለሱ የገባ የቪዛ ማመልከቻ ውድቅ ይሆናል። ቢኢንጅ ገብቶ በኋላ ወደ ኤምኢንጅ የሚዞርም ከመዞሩ በፊት ይኼንኑ ማውጣት አለበት። ቪዛው የተቆረጠው ለ3 ዓመት ስለሆነም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ነው።

ማኅተሙ

ዲግሪውን ዲግሪ የሚያደርገው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ለመሐንዲስነት የሚያበቃው መሆኑን የሚመሰክረው ግን ሌላ አካል ነው። ለሜካኒካል ይህ የሜካኒካል መሐንዲሶች ተቋም ነው፣ ሰዉ «አይሜክ-ኢ» ይለዋል። በ1847 በርሚንግሃም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የባቡሩ ሰው ጆርጅ ስቲቨንሰን ነበር። ተቋሙ የሙያው ተቆጣጣሪ የሆነውን የኢንጂነሪንግ ካውንስልን መስፈርት ይዞ እያንዳንዱን ኮርስ ይመረምራል።

ሙሉ እውቅና ያለው ኤምኢንጅ ቻርተርድ ኢንጂነር ለሚባለው የሙያ ማዕረግ የሚጠየቀውን የትምህርት መነሻ ሙሉ በሙሉ ያሟላል። ቢኢንጅ በከፊል ነው የሚያሟላው፤ የቀረውን በማስተርስ ደረጃ መሙላት አለበት። ኤምኤስሲ ለመጨመር የሚያስብ ሰውም ያ ኤምኤስሲ ራሱ ለዚህ እውቅና እንዳለው ማየት አለበት፤ «ኢንጂነሪንግ ማኔጅመንት» የሚል ስም ያለው ሁሉ አይቆጠርም። በነገራችን ላይ «ኢንጂነር እገሌ» ማለት እኛ ዘንድ የክብር ስም ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን «ኢንጂነር» የሚለው ቃል በሕግ ያልተጠበቀ በመሆኑ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሊጠግን የሚመጣውም በዚሁ ስም ይጠራል። የተጠበቀው «ቻርተርድ ኢንጂነር» የሚለው ነው።

እውቅናው ተማሪው ላይ የሚያርፍ አንድ ጥርስ አለው። በመደበኛው የዩኒቨርሲቲ ደንብ የወደቀን ሞጁል (አንድ የትምህርት ዓይነት) በሌላው ጥሩ ውጤት ማካካስ ይቻላል። እውቅና ባለው የኢንጂነሪንግ ዲግሪ ግን የሚካካሰው በጠቅላላው ከ30 ክሬዲት አይበልጥም፤ የወደቀውም ማርክ ከማለፊያው ከ10 ነጥብ በላይ ዝቅ ማለት የለበትም። ማለፊያው 40 ከሆነ 30፣ ማለፊያው 50 ከሆነ 40 ማለት ነው። ዋናው የግልና የቡድን ፕሮጀክት ጨርሶ አይካካስም። ሌላ ዲፓርትመንት ያለ ጓደኛ «እኔ በ28 አልፌያለሁ» ቢል የእሱ ደንብ የእናንተ አይደለም።

1ኛው ዓመት፦ ማርኩ ቀላል፣ ልማዱ ከባድ

ብዙ ቦታ 1ኛው ዓመት ለመጨረሻው ዲግሪ የሚመዝነው ምንም ወይም ጥቂት ነው። ስለዚህ ይናቃል። ግን ስህተት ሥር የሚሰድድበት ዓመት ይኸው ነው።

ቴርሞዳይናሚክስን እንይ። 327 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ምንጭና 27 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ያለው ሞተር ቢበዛ ምን ያህል ብቃት ሊኖረው ይችላል? በኬልቪን 600 እና 300 ነውና መልሱ 50 በመቶ ነው። ሴልሺየሱን እንዳለ የከተተ ተማሪ 92 በመቶ ያገኛል፣ ደስ ብሎትም ይቀጥላል። ግፊትም እንደዚሁ፦ የጎማ መለኪያ 2 ባር ሲል ከከባቢው አየር በላይ 2 ማለት ነው፤ ፎርሙላው የሚፈልገው 3 ገደማውን ነው። ሜካኒክስ ላይ ደግሞ አካሉን ብቻውን ነጥሎ የሚነኩትን ኃይሎች ሁሉ ሳይስሉ ወደ ቀመር የሚሮጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው የድጋፉን ምላሽ ነው። ፈተና ላይ ስዕሉ ብቻውን ማርክ አለው፤ ባዶ ቀመር ግን ሲሳሳት ሙሉ በሙሉ ነው የሚሳሳተው።

ከላብራቶሪ ሙከራዎቹ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው፤ ብረት ጎትቶ የመበጠሱን። ዲያሜትሩ 10 ሚሊሜትር፣ የሚለካው ርዝመቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ዘንግ ማሽኑ ላይ ይታሰራል። ስፋቱ 78.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። 15.7 ኪሎ ኒውተን ሲጎተት ስትረሱ (ኃይሉ ለስፋቱ ሲካፈል) 200 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። የብረት ያንግስ ሞዱለስ (መለጠጥን የመቋቋም ልኩ) 200 ጊጋ ፓስካል ገደማ ስለሆነ ያ 50 ሚሊሜትር የሚረዝመው 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ እንደ ቀጭን ጸጉር። የማሽኑ ስክሪን ግን 0.3 ሊል ይችላል፤ ምክንያቱም የሚቆጥረው የራሱን እንቅስቃሴ ነው። መያዣው ትንሽ ይንሸራተታል፣ ክፈፉ ይለጠጣል፣ የዘንጉ ጫፍና ጫፍ ይረዝማል፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ይህን 0.3 ይዞ ያሰላ ቡድን ሞዱለሱ 33 ጊጋ ፓስካል ወጣለት ማለት ነው፣ ከአሉሚኒየም እንኳ ከግማሽ በታች። ዘንጉ ላይ የሚቆነጠጠው ኤክስቴንሶሜትር የሚባለው የመርዘም መለኪያ ያለው ለዚህ ነው። የባሰው ስህተት ግን ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው «ልዩነቱ የመጣው ከሰው ስህተት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ይህ ምንም አይናገርም፣ ምንም ማርክ አያመጣም። የማሽኑን መለጠጥ በቁጥር የጻፈ ግን ያመጣል።

ወርክሾፕ ላይ ብዙ አልቆይም። ቶርኖ፣ ሚሊንግ ማሽንና ትራፓኖ ላይ ጥቂት ቀናት ነው የሚሰጡት፣ ዓላማውም ባለሙያ ማድረግ አይደለም። አንዲት ልማድ ብቻ፦ የቶርኖው ራስ መክፈቻ ቁልፍ ከእጅ አይለይም። ራሱ ላይ ሰክተው ዞር ያሉ እንደሆነ ማሽኑ ሲነሳ ቁልፉ ጥይት ነው።

2ኛው ዓመት፦ ዕጣው የሚወጣበት

ኤምኢንጅ ላይ ለመቆየት የሚጠየቀው አማካይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በዚህ ዓመት መጨረሻ ነው። እንደየቦታው 55 ወይም 60 ይሆናል። 40 ያለፈ ተማሪ አልወደቀም፤ ግን ወደ ቢኢንጅ ይዛወራል። ዳግም ፈተና ደግሞ በማለፊያው ማርክ ላይ የሚታሰር ስለሆነ፣ ነሐሴ ላይ 75 ያመጣ ልጅ ሰነዱ ላይ 40 ሊጻፍለት ይችላል። አንድ ባለ 20 ክሬዲት ሞጁል በዚህ መንገድ 40 ቢሆን ቀሪዎቹ 100 ክሬዲቶች 64 አማካይ ይዘው ነው ዓመቱ 60 የሚሞላው። የኮርሱ መመሪያ ላይ «ፕሮግሬሽን» የሚለውን ገጽ በ1ኛው ሳምንት አንብቡት። ሁለት ቁጥር ነው የምትፈልጉት፤ የሚጠየቀው አማካይ ስንት እንደሆነ፣ ስሌቱ የ2ኛውን ዓመት ብቻ ይሁን 1ኛውንም ይጨምር።

ዓመቱን ከባድ የሚያደርገው ትምህርቶቹ እርስ በርስ መያያዛቸው ነው። ኮንትሮል፣ ቫይብሬሽንና ሙቀት ማስተላለፍ ሦስቱም የቆሙት በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ላይ ነው። ሂሳቡ ጥቅምት ላይ ካልገባ ኅዳር ላይ ሦስት ቦታ ይፈሳል። ለዚህ የሚያዋጣው ዘዴ አሰልቺ ነው፦ በየሳምንቱ የሚሰጠውን የመለማመጃ ወረቀት መልሱን ሳያዩ መሥራት፣ የተያዙበትን ጥያቄ ቁጥር ጽፎ ቲቶሪያል መሄድ። መልሱን እያነበቡ «ገባኝ» ማለት መሥራት መቻል አይደለም።

የዲዛይን ፕሮጀክቱ ላይ ደግሞ በየዓመቱ የሚደገም አንድ ጥፋት አለ። ዘንግ አለ፣ ኩሽኔታ ይገባበታል፣ በብዛት 6204 የሚባለው፤ የውስጥ ቀዳዳው 20፣ የውጭው ዲያሜትር 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር ነው። ተማሪው ሌክቸር ላይ «ኤች7/ጂ6 የሚንሸራተት ግጥምያ» የሚለውን የመጠን ኮድ (ኤች7 ለቀዳዳው፣ ጂ6 ለዘንጉ) ስለያዘ ዘንጉን ጂ6 ብሎ ይጽፋል። ጂ6 በ20 ሚሊሜትር ላይ ሲቆረጥ ዘንጉ ከ20 በ7 እስከ 20 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ያንሳል። የኩሽኔታው ቀዳዳ ግን ከ20 በታች ነው የሚሠራው፣ ከ0 እስከ 10 ማይክሮን። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ልቅ ይሆናል። ዘንጉ እየዞረ ሸክሙ በአንድ አቅጣጫ ሲጫነው የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ዘንጉ ላይ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ዘንጉን ይበላዋል፣ ዝገት የመሰለ ቡናማ ዱቄት ይወጣል። የሚዞረው የውስጥ ቀለበት ጥብቅ መሆን አለበት። ኬ6 ቢጻፍ ዘንጉ ከ20 በ2 እስከ 15 ማይክሮን ይበልጣልና ከቀዳዳው ጋር የሚፈጥረው ጥብቀት ከ2 እስከ 25 ማይክሮን ይሆናል፤ ለተለመደ ሸክም ይበቃል። ከዚያ ቀጥሎ የሚረሳው ኩሽኔታውን ማውጫ ነው፤ የዘንጉ ትከሻ የውስጥ ቀለበቱን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው መንቀያ የሚይዝበት ቦታ አይኖርም። ስዕሉ ያምራል፣ ሲበላሽ ግን የሚፈታው በመዶሻ ነው።

ስዕል ካነሳን አይቀር፣ የፕሮጄክሽኑ ምልክት (የየጎኑ ዕይታ በየት በኩል እንደተቀመጠ የሚናገረው) ሳይደረግ የሚቀርብ ስዕል ትርጉም የለውም። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያው ማዕዘንም የሦስተኛውም ይሠራባቸዋል። ምልክቱ ከሌለ ወርክሾፑ ቀዳዳውን በተቃራኒው ጎን ሊበሳው ይችላል፤ ጥፋተኛውም ሳዩ እንጂ የበሳው አይደለም።

ፕሌስመንት የሚፈልግ ማመልከት የሚጀምረው እዚሁ ዓመት ላይ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ኩባንያ ውስጥ የሚሠራው ዓመት ዲግሪውን 5 ዓመት ያደርገዋል፤ የዩኒቨርሲቲ ክፍያው ግን ለዚያ ዓመት ከሙሉው 20 በመቶ አይበልጥም። ደመወዝ አለው። እኔ ብመከር፣ ከ2ኛው ዓመት በኋላ ብወጣ እመርጣለሁ፤ የ3ኛው ዓመት ፕሮጀክት ሥራ አይቶ በመጣ ተማሪ እጅ ሌላ ነገር ነው።

3ኛው ዓመት

የግል ፕሮጀክቱ ብዙ ቦታ 30 ወይም 40 ክሬዲት ነው፤ በሰዓት 300 ወይም 400። በጣም የሚያሳዝነው ውድቀት በርዕስ መስፋት የሚመጣው ነው። «የነፋስ ተርባይን ማሻሻል» ፕሮጀክት አይደለም። «የአንዲት ትንሽ ክንፍ ጫፍ ቅርጽ በአንድ የንፋስ ፍጥነት ላይ በሦስት ዓይነት ሲቀየር ጉተታው እንዴት ይለወጣል» ፕሮጀክት ነው። ዕቃ የሚታዘዝ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ይታዘዝ፤ የወርክሾፑ ወረፋ ከጥር በኋላ ይረዝማል፣ የአደጋ ግምገማ ቅጹ ያልተፈረመለት ሙከራም አይጀመርም። በ3ዲ ፕሪንተር የወጣ የፕላስቲክ ክፍል ላይ ሸክም የምትጭኑ ከሆነ ንብርብሮቹን የሚያላቅቅ አቅጣጫ ላይ አታድርጉት፤ እዚያ ጋ ነው የሚሰነጠቀው።

ኮምፒውተር ላይ ስትረስ የማስላቱ ነገር እዚህ ዓመት ላይ ጎልቶ ይመጣል። ሶፍትዌሩ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ሁልጊዜ ይሰጣል፣ ትክክል ቢሆንም ባይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ መልሱን የምታውቁትን ስጡት። አንድ ጫፉ ግድግዳ ላይ የተያዘ 200 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 20 በ10 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ምሰሶ ጫፉ ላይ 100 ኒውተን ሲጫን፣ 10ሩ ቁመቱ ከሆነ፣ በእጅ ሲሰላ 0.8 ሚሊሜትር ይጎብጣል፤ ትልቁ ስትረስ 60 ሜጋ ፓስካል ነው። ሶፍትዌሩ ወደ 0.8 ካልቀረበ የጥፋቱ ቦታ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሦስቱ አንዱ ነው። መለኪያው ተቀላቅሏል፤ በሚሊሜትር እየሠሩ ሞዱለሱን 200,000 ሳይሆን 200 ያስገባ 800 ሚሊሜትር መጉበጥ ያያል። ወይ መያዣው ልክ አይደለም። ወይ ሶፍትዌሩ ምሰሶውን የከፋፈለባቸው ቁርጥራጮች ጥቂትና ቀላል ዓይነት ስለሆኑ ምሰሶው ከእውነተኛው ይልቅ ደርቋል። ከዚያ ቁርጥራጩን በግማሽ እያሳነሱ መልሱ መንቀሳቀስ እስኪያቆም መድገም ነው። ወደ ውስጥ በሚገባ ስል ማዕዘን ላይ ግን አይቆምም። ባሳነሳችሁ ቁጥር ስትረሱ ይጨምራል፣ እስከ ፈለጋችሁት። ያንን ቁጥር «ከፍተኛው ስትረስ» ብሎ ሪፖርት ላይ ማስፈር ፈታኙ ቀድሞ የሚያየው ነገር ነው፤ እውነተኛው ክፍል ላይ ማዕዘኑ ትንሽ ክብነት አለውና ያ ክብነት ሞዴሉም ላይ መሳል ነበረበት።

ተማሪዎች የውድድር መኪና ሠርተው በሚወዳደሩበት ፎርሙላ ስቱደንት የሚሳተፍ ደግሞ ሰዓቱን አስቀድሞ ይቁጠር። ውድድሩን አይሜክ-ኢ ያዘጋጀዋል፣ ከ1998 ጀምሮ፤ ሐምሌ ላይ ሲልቨርስተን በሚባለው የመኪና ውድድር ሜዳ ይደረጋል። 75 ሜትር ፍጥነት መጨመር አለ፣ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የጽናት ሩጫ አለ፣ ከነዚህ ሌላ ዲዛይንና ወጪ ቁጭ ተብሎ በዳኛ ይገመገማል። ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፣ ቀጣሪም ይወደዋል። ሆኖም መኪናው መቼም «አለቀ» አይልም፤ የኮርሱ ክሬዲት ውስጥ ካልተቆጠረ 2ኛው ዓመት ላይ የሚጠየቀውን አማካይ የሚበላ ይኸው ነው።

4ኛው ዓመት

እዚህ የሚለወጠው ብዛቱ አይደለም፣ ዓይነቱ ነው። የማስተርስ ደረጃ ሞጁሎች ማለፊያ ብዙ ቦታ 40 መሆኑ ይቀርና 50 ይሆናል። ጥያቄው ሙሉ መረጃ ይዞ አይመጣም፤ የጎደለውን ግምት ወስዶ፣ ምክንያቱን ጽፎ፣ መልሱ በዚያ ግምት ላይ ምን ያህል እንደሚወሰን ማሳየት ይጠበቃል። እስከ 3ኛው ዓመት በቃል ጥናት የመጣ ተማሪ የሚደናገጠው እዚህ ነው።

የቡድን ፕሮጀክቱ ማርክ ለሁሉም እኩል አይከፋፈልም። አባላት እርስ በርስ ይሰጣጣሉ፣ በዚያም ማርኩ ከፍና ዝቅ ይላል። የማይመጣ አባል ካለ በመጋቢት ማማረር ምንም አይረዳም። ከጥቅምት ጀምሮ በየስብሰባው ማን ምን እንደወሰደ፣ መቼ እንደሚያቀርብ በአጭሩ ጽፎ ለሁሉም መላክ፣ ችግሩንም በ3ኛው ሳምንት ለአማካሪው ማሳወቅ ነው የሚያዋጣው። በይሉኝታ ዝም ብሎ የሌላውን ድርሻ ለሚሸፍን ልጅ የሚሰጥ ማርክ የለም። እኛ ቤት ያደገ ልጅ እዚህ ላይ ሲቸገር አይገርምም።

አሁን ክብደቱን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ አንድ ዲፓርትመንት 1ኛውን ዓመት 0፣ 2ኛውን 20፣ 3ኛውን 40፣ 4ኛውን 40 በመቶ ይሰጣል እንበል። ተማሪዋ በ2ኛው 62፣ በ3ኛው 68፣ በ4ኛው 73 አገኘች። 12.4 ሲደመር 27.2 ሲደመር 29.2፣ 68.8 ይሆናል። ፈርስት የሚባለው ከፍተኛው የዲግሪ ማዕረግ 70 ነው፤ ለጥቂት ከሱ ቀጥሎ ባለው ቱ-ዋን ላይ ቀረች። የ2ኛው ዓመት 62 ወደ 68 ቢሆን ኖሮ ድምሩ 70 ይደፍን ነበር። 20 በመቶ ብቻ ናት ተብላ የታለፈችው ዓመት።

ደግሞ ቀጣሪ የመጨረሻውን ማርክ አይጠብቅም። የትልልቅ ኩባንያዎች የምሩቃን ቅጥር የሚከፈተው የ4ኛው ዓመት መስከረም ላይ ነው፣ አንዳንዱም የገና በዓል ሳይደርስ ይዘጋል። በዚያ ሰዓት 4ኛው ዓመት አንድም ማርክ የለውም፤ የሚታየው 2ኛው፣ 3ኛውና የግል ፕሮጀክቱ ነው። ሲቪው ላይ ከዲግሪው ስም ሥር እስካሁን ያለውን አማካይ፣ የፕሮጀክቱን ርዕስ፣ የለካችሁትንም አንድ ቁጥር ከነመለኪያው ጻፉ። ቃለ መጠይቁ ላይ የሚጠየቀው እሷ ቁጥር ከየት እንደመጣች ነውና በእጅ መልሳችሁ ልታወጧት የምትችሉትን ምረጡ።